ጋቢ ስር የሚነበብ ስልክ

«ማን ሞተ? እስቲ ንገረኝ የኔ ልጅ፣ ልስማው» አሉኝ አከራዬ እማማ ዘሃራ፣ ከጋቢዬ ውጭ ሆነው። እኔ ጋቢዬ ውስጥ ነበርኩ።

ከስሩ ልጀምር። ብርሃን በዛብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው የለም ይባላል። ይህን ያለው ሰውዬ መካነ ሰላም ከተማ ላይ እኩለ ቀን ስልክ ከፍቶ አያውቅም። የኔን የሸጠልኝ ነጋዴ፣ ይህ ስክሪን ፀሐይ አይበግረውም፣ በረሃ ላይ እንኳ ታነብበታለህ ብሎ ምሎልኛል። የማለልኝ ታዲያ መስኮት በሌለው ሱቅ፣ አምፖል ስር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ብልህ ነው፤ ብርዱን ያስገባል፣ ኔትወርኩን ይመልሳል። ኔትወርክ የሚገኘው ከሰፈሩ በላይ፣ አንድ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ስልኬ የሚያሳየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔኑ። ለብቸኛ ሰው መስታወት መሸጥ ምን የሚሉት ቀልድ ነው?

ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት። እኔ እዚህ ከተመደብኩ ወዲህ፣ ጓዟን ጠቅልላ ትምጣ አትምጣ ስታስብ ከረመች። ውሳኔዋን በዚያን ቀን ልትጽፍልኝ ነበር። ሜዳው ላይ ወጥቼ ስጠብቅ ስልኩ ጮኸ። አየሁት። ፊደል የለም፤ ግንባሬ ብቻ። ቁጭ ብዬ ጋቢዬን እስከ ጉልበቴ ተከናነብኩና አቀረቀርኩ።

በዚህ አገር እኩለ ቀን ሜዳ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ያቀረቀረ ሰው መርዶ የሰማ ነው። አይጠየቅም፤ አጠገቡ ይቀመጡለታል። መጀመሪያ አንድ ትከሻ ትከሻዬን ነካ። ቀጥሎ ሌላ። «አብሽር» አለኝ የማላውቀው ድምፅ። «እግዜር ያጥናህ» አለ ሌላው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ተጠግቶኝ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ታዲያ በምን አንጀቴ ማንም አልሞተም ልበል? መልእክቱንም አልከፈትኩ። ትንሽ ይቀመጡ አልኩ በልቤ።

ደንቡን ጥሰው የጠየቁኝ እማማ ዘሃራ ናቸው። ጋቢውንም ገለጡት፤ ስልኩን አዩ። ከባለቤቴ የመጣ መልእክት ፀሐይ ላይ አልታይ ብሎኝ ነው አልኩ፤ ስለ ብርሃን ነጸብራቅም ጥቂት እንደ ምሁር ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ወይ ጉድ! ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፤ ለስልክ ነው ሐዘን ያስቀመጥከን?» አሉ። አንዱ፣ ከንፈሬን በከንቱ መጥጬልሃለሁና መልስልኝ አለኝ። እየሳቁ ወረዱ።

እንደገና ተከናነብኩ። በጨለማውስ ነጋዴው አልዋሸም፤ ፊደሉ ጥርት ብሏል።

«አልመጣም። ይቅር በለኝ።»

እንዳቀረቀርኩ ቆየሁ። መንገደኞች ሲያልፉ ይሰማኛል። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ኖሮ፣ አንዱ «ስልኩን እያየ ነው» ብሎ ሌላውን ሳቁን አስጀመረው። የተጠጋኝ የለም።

ስመለስ እማማ ዘሃራ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። አነበብከው ወይ አሉኝ። አነበብኩት አልኩ።

«ደህና ናት?»

ደህና ናት አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና በራቸውን ዘጉት።