የእትየ ጥሩነሽ ቼሪ

እኛ ሰዎች «ይቆይ» የምንለውን ያህል የምንደጋግመው ቃል ያለ አይመስለኝም። አዲሱ ጋቢ ለበዓል ይቆይ፤ የታመመ ጎረቤት መጠየቅም፣ ዛሬ ሥራ ስላለብን፣ ለእሑድ ይቆይ። እናንተም ቤት ሣጥን ውስጥ የሚቆይ ነገር አይጠፋም፤ አትደብቁኝ። እኔማ ይህን ጠባዬን ቁጥብነት ብዬው እኮራበት ነበር።

ንፋስ መውጫ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ጓሮዬ ውስጥ አንዲት የቼሪ ዛፍ አለችኝ። ችግኟን የሰጠኝ የግብርና ባለሙያ ወዳጄ ነው። «የብርድ አገር ፍሬ ናት፤ የእኛ ውርጭ ይስማማታል» አለኝ። ቼሪ የማውቀው ሠርግ ቤት፣ ኬክ አናት ላይ ተቀምጦ ስለሆነ፣ ማር የምታፈራ ዛፍ እንዳገኘሁ ቆጥሬ ተከልኋት። በበጋ ቧንቧው ሲደርቅ ያጠጧት ግን ጎረቤቴ እትየ ጥሩነሽ ናቸው። ገብስ ያጠቡበትን ውኃ በአጥሩ ላይ እያሻገሩ ያፈሱላትና «ይች ልጅህ መቼ ነው የምትወልደው?» እያሉ ይስቁብኛል። አራት ዓመት ሳቁብኝ።

ዘንድሮ አፈራች። እትየ ጥሩነሽም ዘንድሮ ተኙ። ሐኪሞቹ «ቤታቸው ውሰዷቸው» ብለው ሸኟቸው። ልጠይቃቸው ስገባ እህል መቅመስ ትተዋል፤ ልጃቸው አለምነሽ ማንኪያ እንደያዘች አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«አፌን መረረኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ከዚያች ዛፍ ሁለት ፍሬ ብታመጣልኝ። ኮምጠጥ ያለ ነገር አማረኝ።»

ፍሬው ቀልቷል። ግን ጧት ቀምሼው ጥርሴን አጥርሶኝ ነበር።

«ገና ነው፣ እትየ። ሳምንት ይቆይና ሲጣፍጥ በሳህን ሞልቼ አመጣልዎታለሁ።»

ትንሽ አዩኝ። «ይሁን። አንተ ታውቃለህ» አሉ።

አላውቅም ነበር። ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለእሳቸው ብቻ አስቤ አልነበረም። የመጀመሪያውን ፍሬ ለባልደረቦቼ አሳይቼ «ጉድ ነው!» ላሰኛቸው ቋምጬ ነበር።

ቅዳሜ ቀበርናቸው።

በሠልስቱ ጧት ፍሬው ደም መስሎ፣ ራሱ እየረገፈ ጠበቀኝ። ቀመስሁት። ያው ነው። ለወዳጄ ደወልሁ።

«ጎምዛዛው ዓይነት እኮ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ዓመት ብትጠብቀው አይጣፍጥም። ሳልነግርህ ቀርቼ ነው?»

«ኮምጠጥ ያለ ነገር አማረኝ» ነበር ያሉት። በአማርኛ። እኔም አማርኛ አስተማሪ ነኝ።

በሳህን ሞልቼ ለቅሶ ቤት ወሰድሁት፤ ባዶ እጄን መግባት ፈራሁ። አለምነሽ አንዷን አንስታ አፏ ውስጥ አደረገች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እንዲህ ያለውን ነበር እኮ የፈለጉት» አለች። «ዛሬ ነው የደረሰው?»

ጎረቤቱ ሁሉ ያየኛል። ሳህኑ እጄ ላይ ከበደኝ።

«ዛሬ ነው» አልኋት።

«እንግዲህ ምን ታደርግ፣ መምህር» ብላ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና፣ እናቷን ያጣችው እሷ፣ እኔን ታጽናናኝ ጀመር። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተጽናናሁ።