ድንጋይ ላይ የወጣው የደቦ አለቃ

ሙላት የደቦ አለቃችን ነው፤ አበዙ ጤፏ የደረሰላት የማንኩሳ መበለት ናት፤ አጫጆቹ እኔና አራት ጎረቤቶቼ ነን።

ሙላት ፍኖተ ሰላም ቪዲዮ ቤት የካርቱን ፊልም አይቶ መጣ። በፊልሙ ጢማም የድንኮች አለቃ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያዛል፣ ሠራዊቱ ይሰለፋል።

አንባቢዬ፣ በደቦ ሥራ አለቃው ማጭዱን ይዞ ፊት ካልገባ ማን ይጀምራል? ማንም! ሙላት ግን ድንጋይ ላይ ወጥቶ ስለ ጀግንነት ይሰብከን ጀመር።

«አያ ሙላት፣ ደመናው መጣ እኮ! ይውረዱ እንጂ!» አለች አበዙ።

«ሠራዊት የሚነሣው በመሪው ቃል ነው!» አላት።

ከደመናው የወረደው በረዶ ግን ቃሉን አልጠበቀም፤ ጤፉን ከጭቃ ጋር ለወሰው። ያ የፊልሙ ድንክ ሥዕል ነው፣ ሥዕል አይርበውም። የአበዙን ልጆች ግን ይርባቸዋል!

ለዚያ ንግግር እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ቁና ጤፍ ሰፍረን ለአበዙ ሰጠን፤ ተናጋሪውም የሰጠው ያንኑ ሁለት ቁና ነው።