ባሕታዊው ላፕቶፕ

ሰው ሁሉ ዕቃ ሲጨምር እሱ ብቻ የሚቀንስ ጓደኛ የሌለው ሰው የለም። የእኔው ክቡር ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ። ተማሪዎች ሳለን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም የማትርቅ አንድ ክፍል ቤት አብረን ተከራይተን ነበር። ክቡርነታቸው በገቡ በሳምንቱ መጋረጃው፣ ወንበሩና የእኔ ሁለተኛ ትራስ ከቤት ወጡ። ምክንያታቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ «አያስፈልግም!»

ከቤቱ የሚያወጡት ሲያጡ ወደ ኮምፒውተር ዞሩ። ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም በነፃ ወስዶ እንደ ልቡ የሚያበጀውን ሥርዓት አወረዱና ሥጋውን ሁሉ አውጥተው አጥንቱን አስቀሩት። ስሙንም «ባሕታዊ» አሉት። ሥዕል የለ፣ ድምፅ የለ፤ ጥቁር ገጽና ነጭ ፊደል ብቻ። ፕሮግራም የሚጭንና የሚያራግፍ መሣሪያም ራሳቸው ጻፉለት፤ ስሙ «ታንኳ»። ሌላ ቦታ አንድ ፕሮግራም ሲጠሩት ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ እንደ ሠርገኛ ይገባል። ታንኳ ግን ጭነት ከበዛበት «እሰጥማለሁ» ብሎ ጽፎ ይቆማል። አንድ ቀን ሙዚቃ ማጫወቻ ብጠይቀው ሰጠመ።

በዚህ ሁሉ ስስቅ ከረምኩ፤ አሮጌው ላፕቶፔ አልነሳ እስኪል ድረስ። የመመረቂያ ጽሑፌ ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም። ክቡርነታቸው ጽሑፌን አትርፈው ባሕታዊን ጫኑበትና የሞተው ማሽን ተነሳ።

የማስረከቢያው ቀን፣ ሰኔ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠን ጽሑፉን በኢንተርኔት ልልክ ስል ድረ ገጹ አላስገባም አለኝ። ለካ የላፕቶፑ ቀን መያዣ ባትሪ ሞታለች፤ ማሽኑ ያለንበትን ዘመን አያውቅም፤ ቀኑ የተሳሳተን ማሽን ደግሞ ድረ ገጹ አያምነውም።

«ወልዴ፣ ቀኑን ከኢንተርኔት የሚያመጣው ፕሮግራም የት ሄደ?»

«አወጣሁት። ቀን ለማወቅ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? ባሕረ ሐሳቡ በጣቴ አለ!»

የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ በዓልና አጽዋማት ሲያሰሉ ያደጉ። ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ አድርገው ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን አንድም ሳይስቱ ጻፉለት። ድረ ገጹ አሁንም እምቢ አለ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሳላስረክብ ልቀር ነው ብዬ እንባዬ መጣ፤ ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ።

«ወልዴ! ማሽኑ እኮ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው!»

ክቡርነታቸው ወዲያው ጎንበስ ብለው አስተካከሉት። በዕድሜያቸው አንድ ነገር ሲጨምሩ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ስምንት ዓመት። ጽሑፉ ሄደ። ተመረቅኩ።

ዛሬ እሳቸው ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ከተማ ያስተምራሉ። እኔ ባሕር ዳር ቀርቼ ቢሮዬ ውስጥ ሁሉ ነገር የሞላበት ኮምፒውተር አለኝ። ይህን አምድ የምጽፈው ግን በዚያው በአሮጌው ነው። በከፈትኩት ቁጥር «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ቀኑ ስልኬ ላይ አለ። እኔ ግን በስልኩ ቁንዝላ እደውላለሁ።

ወልዴ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይነግረኛል። ከዚያ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለዚያች ባዶ ክፍላችን እናወራለን። ባዶነቷ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት አዘነልኝ መሰለኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ከምትቸገር ቀን የሚያመጣውን ላስገባልህ? ታንኳ አሁን ይችለዋል።»

«አያስፈልግም» አልኩት።