የእማማ ኮራልና የአማቻቸው ፓምፕ

(ሳሎን። ግድግዳውን ይዞ ትልቅ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ የመስታወት ገንዳ፣ ቆሟል፤ ውስጡ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ ኮራል ይወዛወዛል። በቅርቡ ባላቸውን የቀበሩት እማማ ወንበር ስበው ፊቱ ተቀምጠዋል። የልጃቸው ባል፣ የሊፍት መሐንዲሱ አማች፣ ሜትር ዘርግቶ የአኳሪየሙን ወርድ ይለካል።)

አማች፦ እማማ፣ ንፋስ አይደለም አልኩ እኮ! ውሃ ውስጥ ንፋስ የለም!

እማማ፦ ታዲያ ምን ያወዛውዘዋል?

አማች፦ ፍሰት! ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ነው።

እማማ፦ እሱማ የውሃ ውስጥ ንፋስ ማለት ነው።

አማች፦ (ሜትሩን ኪሱ እየከተተ) እሺ፣ ንፋስ ይሁንልዎ። ዛሬ ለክርክር አልመጣሁም፤ አኳሪየሙን ልወስድ ነው የመጣሁት። መኪናው ታች ቆሟል።

እማማ፦ ቆሞ ይክረም። መጀመሪያ አስረዳኝ፤ ለዚህ ድንጋይ ንፋሱ ምን ያደርግለታል?

አማች፦ ድንጋይ አይደለም፤ ኮራል ነው። እንስሳ ነው።

እማማ፦ እግሩስ?

አማች፦ እግር የለውም። አንድ ቦታ ተጣብቆ ይኖራል። ምግቡን ውሃው ያመጣለታል፣ ቆሻሻውንም ውሃው ይወስድለታል።

እማማ፦ ተቀምጦ ይቀርብለታል፣ ተቀምጦ ይነሳለታል?

አማች፦ ልክ!

እማማ፦ ከባሌ ጋር በምን እንደተግባቡ አሁን ገባኝ።

አማች፦ እማማ፣ ሟች ናቸው እኮ!

እማማ፦ በሕይወት እያለም ነግሬዋለሁ፤ አዲስ አይሆንበትም።

አማች፦ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፍሰት ካነሰ ቆሻሻ ይተኛበታል፤ ታፍኖ ይሞታል። የአባባ ፓምፕ ደግሞ አርጅቷል፤ ያውም ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙረውት ነበር። ሰው ቬንትሌተር ገዝቶ ወደ ግድግዳ ያዞራል?

እማማ፦ ግድግዳው ሞቆት ከሆነ።

አማች፦ ለዚህ እኮ ነው ያንን ኃይለኛ ፓምፕ ያመጣሁልዎ! በቀጥታ ኮራሉ ላይ፣ ደረቱ ላይ! ከድንጋዩ ጀርባ ስለሆነ አይታይም እንጂ ሥራው ይታያል። ይዩት እንዴት እንደተከፈተ! ጣቶቹን ዘርግቶ!

እማማ፦ (ጠጋ ብለው) ወዲህም ወዲያም ይላል።

አማች፦ ይደንሳል!

እማማ፦ ከአንድ ወገን ብቻ የሚነፋበት ግን ወደ አንድ ወገን አይጋደምም? አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ስቀመጥ ሻሼ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው።

አማች፦ ሻሽና ኮራል አንድ ነው?

እማማ፦ እንጃ ልጄ። ሁለቱም የታሰሩ ናቸው ብዬ ነው።

አማች፦ ሳይንስ ነው እማማ! ሳይንስ በሻሽ አይለካም።

እማማ፦ እሺ፣ በምን ይለካል?

አማች፦ (የኮራሉን ምግብ ቆንጥሮ ይበትናል) በዚህ! ይከተሉት። ይኸው ወረደ... ወደ ግራ... ተበተነ... ጥግ ላይ አልተከማቸም... አሸዋውም አልተነሳም... ኮራሉ ያዘው! በላ! እማማ፣ በላ!

እማማ፦ እጁን ሳይታጠብ።

አማች፦ (እያጨበጨበ) ዕድሜ ልኬን ሊፍት ስጠግን እንዲህ የተስተካከለ ነገር አላየሁም! ውሃ የማይደርስበት አንድ ጥግ የለም!

እማማ፦ ይኼንኑ ቤትህ ወስደህ መልሰህ ታስተካክለዋለህ?

አማች፦ በደቂቃ!

እማማ፦ ፓምፑ ትንሽ ዞር ቢልስ?

አማች፦ ዞር እንዳይል! አቅጣጫው ጣት ታህል ቢዛነፍ... (ያመነታል) አበቃለት።

እማማ፦ መኪና ላይ አይዛነፍም?

አማች፦ ከተነቀለማ...

እማማ፦ መንገዱም ጉድጓድ ብቻ ነው።

አማች፦ (ጭንቅላቱን እያከከ) ልጅዎ ግን አምጣው ብላኛለች። «እማማ ብቻዋን አትችለውም፤ ይሞትባታል» ብላ...

እማማ፦ ልክ ናት። እኔ ምን አውቃለሁ? እሱ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ከኔ ሌላ የሚንቀሳቀስ ይሄ ብቻ ነው። ጠዋት እንደምን አደርክ እለዋለሁ፤ ጣቱን ይዘረጋልኛል። እውቀቴ ይኸው ነው። አዋቂው አንተ ነህ። ይነሳ ካልክ ይነሳ፤ አይነካ ካልክ አይነካ። ደውልና ለልጄ ንገራት።

አማች፦ (ደረቱን ነፍቶ ይደውላል) ሄሎ፣ የኔ ቆንጆ። አይ፣ አላመጣውም... ያስተካከልኩት ፍሰት እንደ ሰዓት እየሠራ ነው ስልሽ!... አዎ፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ማንም እንዳይነካው። አሁን እንዳለ፣ እዚሁ፣ እናትሽ ፊት ይቀመጣል! (ስልኩን ይዘጋል) አለቀ። ቃሌ ቃል ነው።

እማማ፦ ቃልህ ቃል ነው?

አማች፦ ቃሌን ባጥፍ ልጅዎ ትፍታኝ!

እማማ፦ እንግዲያ ጎንበስ በልና ከድንጋዩ ጀርባ እይ።

አማች፦ (ጎንበስ ብሎ ያያል። ዓይኑን አሽቶ እንደገና ያያል።) ይሄ... ይሄ የአባባ አሮጌ ፓምፕ ነው!

እማማ፦ ነው።

አማች፦ ፊቱም ወደ መስታወቱ ነው!

እማማ፦ ባሌ እንደተወው። ውሃው መስታወቱን ገጭቶ ሲሰበር ነው ለስለስ ብሎ ሁሉም ጋ የሚደርሰው። ያንተ በተተከለ ማግስት ምስኪኑ ጣቶቹን ሰብስቦ ቡጢ አከለ። ስነግርህ «ሳይንስ ነው» አልከኝ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከሳይንስ ጋር አልጣላም ብዬ ዝም አልኩ።

አማች፦ (ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ) የኔስ? ያን የመሰለ ጉልበተኛ ፓምፕ ጣሉት?

እማማ፦ ምን በወጣኝ! መታጠቢያ ቤት፣ ባልዲ ውስጥ ነው። አንሶላና ሳሙና እጨምርና እሰካዋለሁ፤ ተአምር ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብረን ስንኖር አንድ ካልሲ አላጠበልኝም። አንተ ግን ቤትህ ተኝተህ እንኳ ታጥብልኛለህ። ተባረክ!