ዜና ጥምዝምዙ ድንጋይ፣ ጋሼ ፍሬን በአሲድ እንደ መረመሩት

ያ ከተራራ የወረደ ጥምዝምዝ ድንጋይ እባብ ነበርን፣ የበግ ቀንድ ነበርን፣ ወይስ ከመኪና የወለቀ ዕቃ? ይህ ዜና በተጀመረበት ሰዓት የሚያውቅ አልነበረም።

በዘመነ ነጭ ፒክአፕ፣ ይኸውም ፒክአፑ ሞተሩ ወርዶ ባለቤቱ በጠፋ በሁለተኛው ዓመት፣ በጋራዡ ላይ ጋሼ ፍሬን ሠልጥነው ሳሉ፣ እሳቸውም የሞተር ሐኪም፣ የዝገት ጠላት፣ የሰውን ወሬ በአንድ ቃል ስለሚያስቆሙ ፍሬን የተባሉ፣ ተሳስተው የማያውቁ፣ ቢሳሳቱም የማይነገራቸው ሲሆኑ፣ ከተራራው ወገብ ላይ አንድ የጭነት መኪና ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ቆመ የሚል መልእክት ደረሳቸው። ተነሥተውም ወጡ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ በያጁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደ ዘውድ የደፋ፤ ጎሚስታው፣ ጎማ ሲነፋ ወሬም አብሮ የሚነፋ፤ ቀለም ቀቢውም፣ ምንም ሥራ ሳይኖረው ለነፋሱ ብሎ።

መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ታኮ ባስፈለገ ጊዜ ጋሼ ፍሬን ከገደሉ ሥር የዳቦ ያህል ድንጋይ አንሥተው ከጎማው ኋላ ወሸቁት፤ ሥራው አልቆ ሊጥሉት ሲሉም አዩት፤ ክብ በክብ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጀርባው እንደ ማርሽ ጥርስ ተሸንሽኖ ነበር። አልጣሉትም።

ያልጣሉበትን ምክንያት ጋራዡ ሁሉ ያውቃል። አንዲት ልጃቸው ጋራዡን ትረከባለች ሲባል ስለ ድንጋይ ልማር ብላ ወደ ሩቅ ከተማ በሄደች ቀን፣ በሩ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐውጀው ነበር፦ «ድንጋይ ተምሮ ማን በልቶ ያውቃል? ሂጂ፣ ድንጋይሽን ቆርጥሚ!» ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አልተመለሰም፤ ልጅቱም ከዚያ ወዲህ ለእናቷ እንጂ ለአባቷ አትደውልም። አሁን ግን የእሷ ሙያ የሆነ ነገር እጃቸው ገባ። ምንነቱን ቢያውቁ የሚጽፉላት ነገር ያገኛሉ።

ድንጋዩ ከተማ በገባ ጊዜ ሦስት ዐዋጆች ወጡ። ባለቤታቸው ጋራዡን ከሚያዋስነው ቤታቸው ደጃፍ፦ «እባብ ነው፤ ደርቆም ቢሆን እባብ እባብ ነው! እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ፣ ሰምተሃል አንተ ሰውዬ?» ጎሚስታው ከጎማ ክምር ላይ፦ «የበግ ቀንድ ነው! በጉስ የት ሄደ እንዳትሉኝ፣ እኔ አላረድኩትም!» በያጁም በእርጋታ፦ «ቱርቦ ነው፣ ለሞተር አየር የሚነፋው። ቀንድ አውጣ መምሰሉን አታዩም? ጭቃና ዝገት በልቶት ነው።»

ወእምድኅረ ዝንቱ ጋሼ ፍሬን የበያጁን ቃል መረጡ። መካኒክም ዝገት የለበሰ ዕቃ ሲገጥመው የሚያደርገውን ስለሚያውቅ፣ ድንጋዩን በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አስቀምጠው ለዝገት የሚያዙትን አሲድ አፈሰሱበት። ባልዲው ተንተከተከ፣ አረፋው እንደ ወተት ገነፈለ፣ ሠራዊቱ ተፈታ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሸሸው ቀለም ቀቢው መሆኑን ታሪክ ሊደብቅ አይገባም። ጋሼ ፍሬን ብቻ ቀሩ። ብረት እንዲህ እንደማይፈላ ያውቃሉና በፒንሳ አወጡት፣ ውሃም ደፉበት። አንዱ ጎኑ ተበልቶ ነበር፤ የተበላው ጎንም ውስጡን ገለጠ፤ ክፍል ከክፍል ቀጥሎ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው ሰፋ ብሎ፣ በመካከላቸው ስስ ግድግዳ ቆሞ።

ያን ጊዜ መኪናው በክሪክ ላይ ተሰቅሎበት መሄጃ ያጣው የባዮሎጂ መምህር ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ ዐወጀ፦ «ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት! አሞናይት እኮ ነው! ዘሩ ጠፍቶ ድንጋይ የሆነ የባሕር እንስሳ፤ ሲያድግ ሰፋ ያለ ክፍል እየሠራ ወደዚያ የሚዛወር፣ የድሮውን ከኋላው የሚዘጋ። ይኼ በአሲድ ይታጠባል?» ጎሚስታውም፦ «ባሕር ተራራ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?» መምህሩም፦ «ባሕሩ አልወጣም፤ ወለሉ ነው የወጣው!» ጎሚስታው ከዚህ በኋላ እስኪመሽ አልተናገረም፤ ይህም ከአሞናይቱ ይልቅ እንደ ተአምር ተቆጠረ። ባለቤታቸውም የመጨረሻውን ዐዋጅ አወጡ፦ «እባብ ካልሆነ ይግባ። ግን ይታጠብ! በውሃ!»

ጋሼ ፍሬን ግን ከመምህሩ ቃል የሰሙት አንዱን ብቻ ይመስል ነበር፤ የድሮውን ክፍል ከኋላው ይዘጋል ያለውን። ከዚያም ድንጋዩን አጥበው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ የተጎዳ መኪና እንደሚሸጥ ሰው የተበላውን ጎን ወደ ግድግዳ አዞሩት፣ ፎቶ አነሡት፣ በአንድ ጣታቸውም እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ልጄ፣ ይሄን ተራራ ላይ አገኘሁት። እዚህ የሚያውቀው ሰው ጠፋ። ምንድን ነው? አባትሽ።»

እንግዲህ ክብር ለጋሼ ፍሬን ይሁን! ከተማ የያዘ ጀግና በየዘመኑ ተጽፏል፣ ተራራ የናደም አይጠፋም፤ መንገድ ጠፍቶት እንኳ ሰው ጠይቆ የማያውቅ፣ ኋላም የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ የጠየቀ ግን ከእሳቸው በፊት አልተሰማም። መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳየ። በያጁ በማግስቱ «ኔትወርክ ነው» ሲል ዐወጀ፤ ማንም አልተቃወመውም። መልስ ግን አልመጣም።