ሐጂ ቃሲም ያስነቀሉት ኢሜል

አሰላ ያስነጠሰውን ሰው ኢተያ ላይ «ይማርህ» የሚሉበት አገር እየኖርኩ ስለ ምሥጢር ላወራችሁ መነሣቴ ለራሴም ይገርመኛል። ቢሆንም የድሮው ወሬኛ ደግ ነበር፤ ድንገት ብቅ ስትልበት ደንግጦ ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። የዛሬው ግን ኪሳችን ውስጥ ነው የሚያድረው። የት እንደዋልን፣ ምን እንደፈለግን፣ ምን እንዳመመን ያውቃል፤ ማወቁ ሳያንሰው ለማያገባው ሁሉ ሲያቀብል ይውላል። ሐሜተኛ እንኳ ይሉኝታ አለው። ይሄ የለውም።

እኛ ደግሞ እናግዘዋለን። ሽማግሌዎቻችን ስልክ ሲገዙ ኢሜል የላቸውምና ሻጩ የልጃቸውን ኢሜል ይጭንላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ልጅ በራሷ ስልክ ፈልጋ ያየችው ሁሉ አባቷ ስልክ ላይ ብቅ ይላል። ይህን ግን ማንም አይነግራቸውም።

ጎረቤቴ ሐጂ ቃሲም ዲክሲስ እርሻ አላቸው፤ አሰላ የሚኖሩት ከልጃቸው ከሰዓዳ ጋር ነው። እኔ በሰፈሩ ስልክ ያውቃል ስለምባል በቀደም ስልካቸውን ይዘውልኝ መጡ።

«ኢልመ ኮ፣ እዚህ ውስጥ የልጄ ኢሜል አለበት አሉ። ንቀልልኝ» አሉኝ፤ «ኢልመ ኮ» ሲሉ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

ከፈትኩት። ከሚከታተሉት የስንዴ ዋጋ ቪዲዮ ሥር ስለ ጡት እብጠት የሚያስረዱ ቪዲዮዎች ተደርድረዋል። የተፈለገው ጥያቄ ራሱ ሳይቀር ተቀምጧል፦ «እብጠቱ ባያምም ካንሰር ሊሆን ይችላል?» ክው አልኩ። የሰዓዳን እናት የወሰደው ይኸው በሽታ ነው።

ሐጂ የአማርኛ ፊደል አይለዩም። ቶሎ ብዬ ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩና የልጃቸውን ኢሜል ነቅዬ አዲስ ከፈትኩላቸው። የሰው ገመና ሸፈንኩ ብዬ ትንሽ ኮራሁም።

ሐጂ አመስግነው ተነሡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቪዲዮዎቹ እኮ በኦሮምኛ ነው የሚናገሩት» አሉ። «ሰምቻቸዋለሁ። እሷ ግን መስማቴን አትወቅ። እናቷ ስትታመም ምን እንደሆንኩ አይታለች፤ የደበቀችኝ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ሕክምናውስ፣ ሐጂ?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ደክሟል፣ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አድርሺኝ ብያታለሁ። የእህቴ ልጅ ነርስ ናት፤ ነግሬያታለሁ። ሴት ለሴት ይነጋገሩ። እኔ ምንም የማላውቅ ሆኜ ሳሎን እቀመጣለሁ።»

ዓይናቸው እንኳ ከእኔ ይሻላል። ስንዴያቸውን ዋግ ሲመታው ከመንገድ ዳር ሆነው የሚለዩ ሰው ናቸው።

በማግሥቱ መናኸሪያ ልሸኛቸው ሄድኩ። ሰዓዳ ከስታለች፤ ልቤ ተሰበረ። «አባዬ አንድ ነገር አዩ እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ምንም» አልኳት። ሐጂ ሚኒባሱ በር ላይ ቆመው የመወጣጫውን ደረጃ በእግራቸው ይፈልጋሉ፤ አንዴ ሳቱት፣ ደግመው ሳቱት። ሮጣ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች።

«ቀስ ይበሉ አባ» አለቻቸው፤ «እኔ እያለሁ ምን ያስቸኩልዎታል?»