የማይደነቁ ዕቃዎች ቤት

ሙዚየም ማለት ዕቃ የማይነካበት ቤት ነው ይላሉ የተማሩት። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ግን እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር በሆነበት ቤት ያደገ አልመሰለኝም።

አስመራ፣ ጎዳይፍ ሰፈር ጎረቤቴ የነበረው አያ ኪዳነ ሠዓሊ ነበር። ሠዓሊ ስላችሁ ታዲያ መላእክት የሚሥል እንዳይመስላችሁ። ከማኪና ስብርባሪ፣ ከጥይት ቀለሃ፣ ከሞተ ራዲዮ ሰው ይሠራል፤ የሠራው ሰው ግን ሰው አይመስልም። ነጻነትን አይቶ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ልጅ አልነበረውም። ሁላችንም አደይ የምንላቸው ታላቅ እህቱ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ስሙ እንዳይጠፋ ብለው ቤቱን ሙዚየም አደረጉት። እኔም የወሎው ልብስ ሰፊ የበሩን መጋረጃ ሰፍቼ አበረከትኩ።

የመጀመሪያው ጎብኚ አንድ መምህር ነበር። ከሻሂ በራድ የተሠራችውን ወፍ አይቶ ደስ ትላለች አለ። አደይ ወፏን አንስተው በጋዜጣ ጠቀለሉለት። ኣይፋል፣ አይሆንም ቢል፣ ወደ በሩ ቢያፈገፍግ፣ ማን ሊሰማው? ከሓዝሓዝ ሰፈር የመጣች ነርስ የቀለሃውን መብራት ይዛ ሄደች፤ ከፓራዲዞ የመጡ ሙሽሮች ደግሞ ባለ ሦስት እግሩን ፈረስ። የአስመራ ሰው ጨዋ ነው፣ ሳያደንቅ አይወጣም። ሙዚየሙን የጨረሰው ይኸው ጨዋነት ነው።

አደይ፣ ሙዚየም እኮ እንዲህ አይደለም ብዬ መከርኳቸው። “ታዲያ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንግዳ ዐይኑ ያረፈበትን ልከልክል? ኪዳነ ምን ይለኛል?” አሉኝ። ወዲያው ባዶውን መደርደሪያ አይተው አለቀሱ። የወንድማቸው ስም በገዛ እጃቸው እየተሸኘ መሆኑን አልሳቱትም።

ከዚያ ወዲህ በር ላይ እየቆምኩ፣ እባካችሁ ምንም አታድንቁ እያልኩ ጎብኚ ማስጠንቀቅ ጀመርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ የተረፈው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ የኔ ምስል። አያ ኪዳነ ከብስክሌት ሰንሰለትና ከተሰበረው የስፌት ማኪናዬ ነው የሠራኝ። ያኔ ሲያሳየኝ፣ ይሄ ደግሞ እኔ ነኝ እንዴ ብዬ ስቄ ነበር። ጎብኚውም ሁሉ አይቶት ዝም ስለሚል ከጋዜጣ ተርፏል።

ባለፈው እሑድ ብቻዬን ፊቱ ቆምኩ። አንገቴን የምሰብረው፣ ክር በጥርሴ የምበጥሰው፣ ሁሉ ነገሬ እዚያ አለ። ለካ እንደዚያ አይቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አያ ኪዳነ ይህን ከአፌ ሳይሰማ መሞቱ አንጀቴን በላው፤ እንዴት እንደሚያምር ለአንድ ሰው ካልነገርኩ የምፈነዳ መሰለኝ።

ዞር ስል አደይ ከኋላዬ ቆመዋል። እህ፣ እንዴት አየኸው አሉኝ። በእጃቸው ጋዜጣ ይዘዋል።

አስቀያሚ ነው አልኳቸው።